የቋንቋ መምህርነት በትውልድ ነውን?



ዛሬ በፊታችሁ የማቀርበው ጉዳይ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ መምህራንን የሚነካ ሆኖ ሳለ በአደባባይ እምብዛም የማይነገር፣ የተበደሉት ሰዎች አፍረው የሚደብቁት፣ በዳዮቹም በደል መሆኑን ሳይጠረጥሩ እንደ ተራ የአሠራር ልማድ አድርገው የያዙት ነገር ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው የእንግሊዝኛን ቋንቋ በሚገባ ተምሮ፣ የማስተማርን ጥበብ በዩኒቨርሲቲ መርምሮ፣ ብዙ ዘመን በክፍል ውስጥ ቆሞ አስተምሮ፣ በመጨረሻ ሥራ ሊጠይቅ በሄደ ጊዜ ዕውቀቱ ሳይመዘን፣ አስተማሪነቱም ሳይታይ፣ እንግሊዝኛን ከእናትህ ጡት ጋር አልጠባህም ተብሎ ከበር የሚመለስበት ሥርዓት ነው።

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር አንድ ግልጽ ምሳሌ ላቅርብ። የደቡብ ኮሪያ መንግሥት የውጭ አገር የቋንቋ መምህራንን የሚያስገባበት «ኢ-2» የሚባል የቪዛ ዐይነት አለው። በጠቅላላው ደንብ መሠረት በዚህ ቪዛ እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚመጣ ሰው ከሰባት አገሮች የአንዱ ዜጋ መሆን ይገባዋል፤ እነዚህም አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ከሰባቱ አገሮች የመጣው ሰው የመጀመሪያ ዲግሪውን በሒሳብ አያያዝም ሆነ በኬሚስትሪ ቢያገኘው፣ ከዚያ ቀደምም በአንድ ክፍል ፊት ቆሞ ባያውቅ፣ በግል የቋንቋ ትምህርት ቤት ለመቀጠር መንገዱ ክፍት ነው። ትምህርቱን ከልጅነቱ ጀምሮ በእንግሊዝኛ የፈጸመው ናይጄሪያዊ ወይም ኬንያዊ፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ አስተማሪነት ሁለተኛ ዲግሪውን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተቀበለውም ኢትዮጵያዊ፣ በዚያ በር ለመግባት የሚያበቃው አንድም የሚያቀርበው ማስረጃ የለም፤ የተጠየቀው ነገር በትምህርት የሚገኝ አይደለምና።

ከመንግሥት ደንብ ወጥተን ወደ ትምህርት ቤቶች ማስታወቂያ የተመለከትን እንደ ሆነም ያው ነው። አህማር መህቡብ የተባሉ የቋንቋ ሊቅ ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ሆነው፣ ከምሥራቅ እስያና ከመካከለኛው ምሥራቅ የወጡ 77 የእንግሊዝኛ መምህር መፈለጊያ ማስታወቂያዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከመቶው 79 እጅ የሚሆኑት ማስታወቂያዎች የአፍ መፍቻነትን መመዘኛ አድርገው እንደሚጠቅሱ አሳይተዋል። በራሷ በብሪታንያም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት እንደሚመሰክረው፣ ከተጠየቁት 90 የቋንቋ ተቋማት ውስጥ 72 ከመቶ ያህሉ መምህር በሚቀጥሩበት ጊዜ ለዚሁ ነገር ከመጠነኛ እስከ ከፍተኛ ክብደት ይሰጡታል። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ተሻግረው ሥራ የሚፈልጉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ ከዲግሪያቸው አስቀድሞ የፓስፖርታቸው ቀለም እንደሚጠየቅ፣ ከማመልከቻው ጋርም ፎቶግራፍ እንዲያያዝ እንደሚታዘዝ፣ ቢቀጠሩም ደመወዛቸው ከጐናቸው ያንኑ ክፍልና ያንኑ መጽሐፍ ከሚያስተምረው ምዕራባዊ መምህር ደመወዝ ዝቅ ብሎ እንደሚተመን ከእኔ ይልቅ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት አንዳንዶቻችሁ በተሻለ ታውቁታላችሁ።

ከዚህ በኋላ የምናገረው በቅን ልቡና እንዲተረጐምልኝ አስቀድሜ አንድ ነገር ልለይ። ዕውቀት የጐደለውን መምህር ለመከላከል አልቆምሁም። የእንግሊዝኛው ሰዋስው ያልጠራለት፣ ሁለት ዐረፍተ ነገር አያይዞ መጻፍ የሚቸግረው፣ በዚህም ምክንያት ሕፃናትን የራሱን ስሕተት የሚያወርሳቸው መምህር በአገራችንም በሌላውም አገር ሞልቷል፤ እርሱን ማስተማር፣ ማስጠናት፣ እንቢ ካለም ከክፍል ማውጣት ለተማሪው የሚገባ ፍትሕ ነው። ነገር ግን ይህ የዕውቀት ጉድለት ነው፤ የዕውቀት ጉድለትም በፈተና ይታወቃል፣ በትምህርት ይታረማል። የእኔ ክርክር ሊመዘን የሚችለውን ዕውቀት ትቶ ሊለወጥ የማይችለውን ልደት ከሚመዝነው ቀጣሪ ጋር ነው።

መምህርን በልደቱ የሚመዝነው እምነት ከሰዎች ልማድ ብቻ የተወለደ አይደለም፤ የሊቃውንትን ልብስ ለብሶ የቆመበት ዘመን ነበረ፤ ያውም በአፍሪካ ምድር፣ በዑጋንዳ። እ.ኤ.አ. በ1961 በማከሬሬ የኮመንዌልዝ አገሮች ጉባኤ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋ ሆኖ የሚሰጥበትን መንገድ ለመምከር ተሰብስቦ ነበር፤ ከዚያ ጉባኤ መንፈስም እንግሊዝኛ የሚሻለው በእንግሊዝኛ ብቻ ሲሰጥ ነው፣ ፍጹሙ መምህርም ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ነው የሚሉና ሌሎችም ድንጋጌዎች በየአገሩ የትምህርት ሥራ ውስጥ ሥር ሰደዱ። ሮበርት ፊሊፕሰን የተባሉ ብሪታንያዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ እነዚህን ድንጋጌዎች አንድ በአንድ አንሥተው፣ ሐሰተኛ መሆናቸውን፣ በማስረጃም ያልተደገፉ መሆናቸውን፣ የሚጠቅሙትም ከተማሪው ይልቅ የእንግሊዝኛን መጻሕፍትና መምህራን ለዓለም የሚሸጡትን አገሮች መሆኑን አጋለጡ። ከሁለት ዓመት በኋላም ፔተር ሜድጌሽ የተባሉ ሀንጋሪያዊ መምህር፣ እንግሊዝኛን በትምህርት ያገኘው መምህር ለተማሪው የሚሰጠውን ልዩ ጥቅም የሚያብራራ መጽሐፍ ጻፉ። እንግዲህ ነገሩ በምሁራን ዘንድ ከተመረመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ የቀጣሪው ማስታወቂያ ግን ዛሬም የሚነበበው በ1961 መንፈስ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር ከማንም ሕዝብ ቀድመን ልናውቀው በተገባን ነበር። ግእዝ በእናትና በልጅ መካከል የቤት ቋንቋ ሆኖ መነገሩ ካበቃ ወደ 1,000 ዓመት ይሆነዋል፤ በዚህ ሁሉ ረጅም ዘመን ውስጥ ግእዝን ያስተማረ መምህር፣ አንድ እንኳ ሳይቀር፣ ቋንቋውን በጉባኤ ቤት ተቀምጦ በድካም ያገኘው ነው፤ በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ የሰማው አንድም የለም። ያም ሆኖ ቅዳሴው አልተቋረጠም፣ ትርጓሜው አልተረሳም፣ ታሪከ ነገሥቱም ገድሉም የተጻፈው አብዛኛው በዚሁ ዘመን ነው። አማርኛ፣ ትግርኛ ወይም አገውኛ ሲናገሩ ያደጉ ልጆች በዋሸራ፣ በጎንጅና በዋድላ ተሰብስበው፣ በቤታቸው ማንም በማይናገረው ቋንቋ ሰምና ወርቁ የጠለቀ ቅኔ ሲቀኙ ኖረዋል። የቋንቋ ባለቤትነት በትውልድ ብቻ የሚተላለፍ ቢሆን ኖሮ ግእዝ አፍ መፍቻው አድርጎ ከተናገረው ከመጨረሻው ሰው ጋር አብሮ በተቀበረ ነበር፤ ይህን ያህል ዘመን ያቆየው መምህሩ ነው።

የቅኔውን ቤት ሥርዓት እስኪ ቀረብ ብለን እንመልከተው። ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ ከአገሩ ወጥቶ በመጣ ጊዜ በመጀመሪያ ግስ ይወርዳል፤ ግሱን በየፈርጁ ያረባል፤ ከዚያ በኋላ በሁለት ቤት ከምትፈጸመው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ በዘአምላኪየና በሚ በዝኁ አልፎ፣ ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስ ይወጣል። ለብቻው ርቆ ተቀምጦ የቈጠረውን ቅኔ ይዞ በየኔታ ፊት ሲቆም፣ የኔታ ዝም ብለው ይሰሙታል፤ ግሱ ከባለቤቱ ጋር ሳይስማማ የቀረ እንደ ሆነ፣ ቤቱ ያልመታ ወይም ምሥጢሩ ያልሞላ እንደ ሆነ እዚያው ላይ ያቆሙታል። ስሕተቱ ከየት እንደ መጣም ያውቁታል፤ እርሳቸውም በወጣትነታቸው በዚያው ቦታ ተሰናክለው፣ በዚያው ቦታ በመምህራቸው ታርመው ነበርና። ከተማሪው ልቡና ወደ ግእዙ የሚወስደውን መንገድ በእግራቸው ሄደውበታል፤ ዳገቱ የት እንደሚበረታ፣ ተማሪው የት ላይ ተስፋ እንደሚቈርጥ፣ ምን ቢሉትም እንደሚበረታ ያውቃሉ። ይህን ዕውቀት ልደት አይሰጠውም።

ወደ ኋላ ርቀን ብንሄድም ያው ነው። አክሱምን ያስተማሩት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የጢሮስ ሰው ነበሩ። በትውፊታችን መጻሕፍትን ከጽርእና ከሱርስት ወደ ግእዝ መለሱ የምንላቸው ዘጠኙ ቅዱሳን ከሮምና ከሶርያ ምድር የመጡ እንግዶች ነበሩ፤ አባቶቻችን ግን ግእዛችሁ የባዕድ ነው ብለው አልመለሷቸውም። ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብም፣ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን ትልቁን የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የደከሙበት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ግእዝን የተማሩት ከመምህር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1865 የወጣውን የግእዝና የላቲን መዝገበ ቃላት የጻፉት ኦገስት ዲልማንም ጀርመናዊ ነበሩ። የእነዚህን ሰዎች መጽሐፍ ገልጦ የሚማር ሰው የትውልድ አገራቸውን አይጠይቅም፤ ቃሉ በትክክል ተተርጉሟልን ብሎ ይጠይቃል።

በዘመናዊው ትምህርታችንም ታሪኩ አይለይም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በከፈቱት ትምህርት ቤት የፈረንጅ ቋንቋ ያስተማሩት በሐና ሳሊብ የሚመሩ ግብጻውያን ቅብጦች ነበሩ፤ ፈረንሳይኛውንም ሆነ እንግሊዝኛውን እነርሱ ራሳቸው የተማሩት በትምህርት ቤት ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ የተፈሪ መኰንንን ትምህርት ቤት እንዲመሩ፣ በኋላም በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን እንዲያቋቁሙ የተጠሩት ዶክተር ሉሲየን ማትና ባልደረቦቻቸው ከካናዳ የኬቤክ ክፍል የመጡ፣ የቤታቸው ቋንቋ ፈረንሳይኛ የሆነ የጀስዊት ካህናት ነበሩ። በዚያ ኮሌጅ ትምህርቱ ሁሉ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር። ከዚያ የወጡት ሰዎች የአገሪቱን መሥሪያ ቤቶች፣ ፍርድ ቤቶችና ኤምባሲዎች ይዘው በእንግሊዝኛ በዓለም ጉባኤ ፊት ሲከራከሩ፣ የመምህሮቻቸው አንደበት የፈረንሳይኛ ቃና ነበረበትና ንግግራችሁን አንሰማም ያላቸው አልነበረም።

በየጠቅላይ ግዛቱ ከተማ የተከፈቱትን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደግሞ በብዙው ያቆሟቸው የህንድ መምህራን ናቸው፤ ስለ እነርሱ የተነገረውና የተጻፈው ካደረጉት ሥራ ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነውና በዚህ አጋጣሚ ስማቸውን በክብር ላነሣ እወዳለሁ። እነዚህ ሰዎች አፍ መፍቻቸው ማላያላም ወይም ታሚል ወይም ሂንዲ ሆኖ፣ እንግሊዝኛን በገዛ አገራቸው ትምህርት ቤት በብርቱ ዲሲፕሊን ተምረው፣ ኤሌክትሪክ እንኳ ባልገባበት ከተማ ውስጥ በጠመኔ ዱቄት ተሸፍነው ለልጆቻችን የሰዋስውን ሕግ ሲጽፉ ኖረዋል። ዛሬ ሽማግሌ የሆኑት የእነርሱ ተማሪዎች የዚያን ጊዜ የጻፉትን ደብተር የተመለከተ ሰው የእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር አካላት ተለይተው፣ ግሡ ተሰምሮበት፣ ስሕተቱ በቀይ ተጽፎ ያገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የመጡትን የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራንም አልዘነጋም፤ የመጀመሪያዎቹ ወደ 300 የሚጠጉ ነበሩ፣ ብዙዎቹ ከኮሌጅ ገና የወጡ፣ የመምህርነት ሥልጠናቸውም አጭር የሆነ ወጣቶች ናቸው፤ በደግነታቸውና በትጋታቸው የተወደዱ ነበሩ። ጥሩ መምህር የሆኑትም የሆኑት በዚሁ ትጋታቸው ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ህንዳዊው፣ አሜሪካዊውና ኢትዮጵያዊው ጐን ለጐን ሲያስተምሩ ተማሪው ማን ግልጽ አድርጎ እንደሚያስረዳ፣ ማን ደብተሩን እንደሚያርም፣ ማን ክፍሉን እንደሚወድ ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ልዩነቱም በፓስፖርት መስመር አልተከፈለም።

እስኪ ደግሞ ወደ አንድ ክፍል ገብተን ነገሩን በቅርብ እንመርምረው። አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ቆሞ ሲያነብ «ስኩል» የሚለውን «እስኩል»፣ «ስቶር» የሚለውን «እስቶር» ይላል። ከለንደን የመጣው መምህር ስሕተቱን ይሰማል፤ ደግሞ ያነብለታል፤ ልጁም ደግሞ «እስኩል» ይላል፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲደገም ክፍሉ ይሥቃል፣ ልጁም ይቀመጣል። አማርኛ የሚያውቀው መምህር ግን የልጁ ምላስ በቃል መጀመሪያ ላይ ሁለት ተነባቢዎች ተያይዘው ሲመጡ አናባቢ የሚፈልግ መሆኑን ያውቃል፤ ስለዚህም «ስ» የሚለውን ድምፅ እንደ እባብ እስትንፋስ አስረዝሞ እንዲጀምር፣ ድምፁም ሳይቋረጥ ወደ «ኩል» እንዲሻገር ያደርገዋል፤ ልጁም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይለምደዋል። ከፍ ባለው ክፍልም እንዲሁ፣ ተማሪው ረጅም የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ሲጽፍ ግሡን ወደ መጨረሻ እየገፋ የሚያደናግረው አእምሮው ደክሞ አይደለም፤ በቋንቋው ግሥ የሚቀመጠው በመጨረሻ ስለሆነ ነው። ይህን ምሥጢር የሚያውቅ መምህር በአንድ ሰዓት የሚያቃናውን፣ የማያውቅ መምህር ዓመቱን ሙሉ በቀይ ቀለም ሲሰርዝ ይከርማል። እርግጥ ነው፣ ከለንደን የመጣውም መምህር አማርኛን ቢማር፣ የተማሪዎቹንም ቋንቋ ባሕርይ ቢያጠና ይህን ሁሉ ይደርስበታል፤ ሲደርስበት ግን የደረሰው በመማር ነው፤ ጤነኛ ሆኖ የተወለደ ሰው ሁሉ ሐኪም እንዳልሆነ ሁሉ፣ ቋንቋን ሳያስበው የሚናገር ሰውም የቋንቋውን አሠራር ለሌላው ለማስረዳት ከባዶ ተነሥቶ መማር አለበት። ይህን ድካም የደከሙ ብዙ እንግሊዛውያንና አሜሪካውያን መምህራን አሉ፤ እነርሱም በዚህ ልማድ የተበደሉ ናቸው፤ ያጠኑት ጥበብ ሳይታይ ስለ ልደታቸው ብቻ የተፈለጉ ናቸውና።

ቀጣሪዎች በዚህ ጉዳይ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ በየአገሩ አንድ ዐይነት ነው፤ «እኛ አድልዎ የለብንም፤ ወላጆች ግን የሚፈልጉት ፈረንጅ መምህር ነው» ይላሉ። ይህን መልስ በቀላሉ አልንቀውም። ወላጅ ከድካሙ ቀንሶ ለልጁ ትምህርት የሚከፍል ሰው ነውና የሚበጀውን መፈለጉ ተገቢ ነው፤ የፈለገውም ልጁ እንግሊዝኛ እንዲያውቅ ነው። ነገር ግን ወላጁ ይህን ሐሳብ ከየት አገኘው? በትምህርት ቤቱ በር ላይ በተሰቀለው ትልቅ ሰሌዳ ላይ የፈረንጅ ፊት ሥሎ፣ የመምህሮቹን የውጭ አገር ሰውነት በሬዲዮ አስነግሮ፣ ከፍ ያለውን ክፍያ ያስከፈለው ማን ነው? ትምህርት ቤቱ ራሱ ለወላጁ ያስተማረውን ምኞት ተመልሶ ለራሱ ጥፋት ምክንያት አድርጎ ሲያቀርበው ልንቀበለው አይገባም። ወላጅ የሚመጣው ሊጠይቅ ነው፤ ትምህርት ቤትም ሊመልስለት ይችላል፤ የመምህሩን ምስክር ወረቀት፣ የተማሪዎቹን ጽሕፈት፣ የፈተና ውጤታቸውን ሊያሳየው ይችላል።

የሰሚው ጆሮ ራሱ እንዴት በዐይን እንደሚታለል ደግሞ ዶናልድ ሩቢን የተባሉ የአሜሪካ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተሙት ጥናት ያስረዳል፤ እኔ ይህን ጥናት ማንም ቀጣሪ ሳያውቀው ሊቀር አይገባም እላለሁ። ሩቢን አንዲት በኦሃዮ ያደገች፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻዋ የሆነች ሴት አጭር የትምህርት ንግግር እንድታነብ አድርገው ድምፅዋን ቀዱ። ይህንኑ አንድ ድምፅ ለሁለት ወገን ተማሪዎች አሰሙ፤ ለአንደኛው ወገን የአስተማሪዋ ምስል ነው ብለው የነጭ ሴት ፎቶግራፍ፣ ለሁለተኛው ወገን የእስያ ሴት ፎቶግራፍ አሳዩ። ድምፁ አንድ፣ ቃሉ አንድ፣ አነባበቡ አንድ ነበር። የእስያይቱን ፎቶግራፍ ያዩት ተማሪዎች ግን በድምፅዋ ውስጥ የሌለ የባዕድ ቃና ሰማን አሉ፤ ከዚያም የሚበልጠው ነገር፣ ከንግግሩ ውስጥ የተሰወሩ ቃላትን እንዲሞሉ በተፈተኑ ጊዜ ውጤታቸው ዝቅ ያለ ሆነ። ፊትዋን ስላዩ ብቻ የሰሙት ትምህርት ቀነሰባቸው ማለት ነው። እንግዲህ ከማመልከቻ ጋር ፎቶግራፍ አያይዙ የሚል ማስታወቂያ ለምን እንደሚያስፈራኝ ከዚህ ይታወቃል፤ አመልካቹ አፉን ከመክፈቱ በፊት ቀጣሪው አስቀድሞ ሰምቶታልና።

በስደት ያለው ወገናችንም የዚህ ፍርድ ሰለባ ነው። በዋሽንግተን ወይም በሲልቨር ስፕሪንግ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ልጅ፣ አማርኛውን ከአያቱ ጋር እየተንተባተበ የሚናገር፣ እንግሊዝኛውን ግን የሚያልምበት፣ በዚህ ሥርዓት ሕግ መሠረት እንኳ ሙሉ ባለመብት ነው። ማመልከቻውን ከፎቶግራፉ ጋር ወደ ሩቅ ምሥራቅ በላከ ጊዜ ግን ጥቁር መልኩ ከአሜሪካ ፓስፖርቱ ቀድሞ ይነበባል፤ «በእርግጥ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻህ ነውን?» የሚል ጥያቄ፣ ወይም ዝምታ ይመለስለታል። ይህም የሚያሳየን፣ ስለ ቋንቋ የሚደረግ የሚመስለው ምርጫ በብዙ ስፍራ ውስጡ የቀለም ምርጫ መሆኑን ነው። ለዚህ ስም ለማውጣት አልፈራም፤ የዘር አድልዎ ነው።

ሕግ ይህን ነገር መለየት እንደሚችል ደግሞ የአውሮፓን ፍርድ ቤት ምሳሌ አድርጌ እጠቅሳለሁ። አኒታ ግሩነር የተባለች ሆላንዳዊት የሥነ ጥበብ መምህርት በደብሊን ኮሌጅ ቋሚ ሥራ ስትጠይቅ የአይሪሽ ቋንቋ ፈተና እንድታልፍ ተጠየቀች፤ ነገሩ ወደ አውሮፓ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1989 በተሰጠው ፍርድ፣ አየርላንድ የቋንቋውን ዕውቀት መጠየቅ እንደምትችል፣ ነገር ግን ያ ዕውቀት በአየርላንድ ምድር የተገኘ መሆን አለበት ብላ ማስገደድ እንደማትችል ዳኞቹ ወሰኑ። ለእኔ በዚህ ፍርድ ውስጥ የጉዳያችን ፍሬ ነገር በሙሉ ተጠቅልሎ ይገኛል፤ ዕውቀቱን ጠይቅ፣ የተገኘበትን ስፍራ ግን አትጠይቅ። የአውሮፓ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2002 በጻፈው ሰነድ፣ ለአንዳንድ ሥራ እጅግ ከፍ ያለ የቋንቋ ችሎታ መጠየቅ ቢፈቀድም፣ አፍ መፍቻ ካልሆነ ብሎ መጠየቅ ግን ተቀባይነት እንደሌለው ገልጿል። ቲሶል የሚባለው ታላቁ የእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መግለጫ ይህን አድልዎ አውግዟል። እነዚህ ሁሉ መልካም ቃላት ናቸው፤ የቀጣሪውን ልብ ግን ገና አልነኩትም፤ ማስታወቂያውን ጽፎ የሚያወጣው ሰው ይህን ፍርድ አንብቦ አያውቅምና።

ስለዚህ የመጨረሻውን ቃል በዚህ አዳራሽ ላሉት የትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎች አደርገዋለሁ፤ የምለምናችሁም ነገር በዛሬው ቀን ሊፈጸም የሚችል ነው። በሚቀጥለው ዓመት መምህር ለመቅጠር ማስታወቂያ ስታወጡ፣ ስለ አፍ መፍቻና ስለ ዜግነት የሚናገረውን መስመር ሰርዙ፤ በእርሱም ቦታ የምትፈልጉትን የትምህርት ደረጃ፣ የማስተማር ልምድና የቋንቋ ፈተና ውጤት በግልጽ ጻፉ። ፎቶግራፍ አትጠይቁ። ዕጩዎቹ በመጡ ጊዜ ሁሉንም፣ አዲስ አበቤውንም፣ ህንዳዊውንም፣ እንግሊዛዊውንም፣ ወደ አንድ ክፍል አስገብታችሁ በእውነተኛ ተማሪዎች ፊት የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት እንዲሰጡ አድርጉ፤ ከኋላ ተቀምጣችሁ የማን ተማሪዎች እንደ ተናገሩና የማን ተማሪዎች ዝም እንዳሉ ጻፉ፤ ከዚያም አንድ ስሕተት የበዛበት የተማሪ ድርሰት ሰጥታችሁ እንዲያርሙት፣ የስሕተቱንም ምክንያት እንዲያስረዱ ጠይቋቸው። ከእነዚህ ነገሮች በኋላ ብልጫ ያሳየውን ቅጠሩ፤ ያንኑ ሥራ ለሚሠሩትም ያንኑ ደመወዝ ክፈሉ። የትውልድ ቦታና ዜግነት የሚሞላበት ቅጽ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ለሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ይሰጥ።